መጽሐፉ በየቤቱ ይቀመጥ፣ መዝገቡ ግን አንድ ይሁን

በረዶው ገና ሳይቀልጥ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እዚህ ሚኒሶታ በምኖርባት ሴንት ሉዊስ ፓርክ፣ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ የስብሰባ ክፍል ውስጥ አሥራ ሁለት ያህል ኢትዮጵያውያን ተሰብስበን ነበር። አጀንዳችን ቀላል ይመስል ነበር፤ አገር ቤት ላለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የሚውል ገንዘብና መጽሐፍ ማሰባሰብ። የዩኒቨርሲቲውን ስም አላነሳም፤ ጉዳዩ የእሱ ብቻ አይደለምና።

ማን ስንት ያዋጣል የሚለውን በሰላም ጨረስን። ችግሩ የመጣው "ለማን እንስጥ?" ሲባል ነው። "ለዋናው ላይብረሪ እንስጥና አንድ የሚታይ ሥራ ይሠራበት" አለ አንዱ። "ዋናው ጋ ከገባማ ተማሪው አያየውም፣ ለየኮሌጁ ይከፋፈል" አለ ሌላው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ "የተማከለ" እና "ያልተማከለ" የሚሉት ቃላት ገቡ። እነዚህ ቃላት የገቡበት የሐበሻ ስብሰባ ወዴት እንደሚሄድ አንባቢ ያውቀዋል። ስለ መጽሐፍ መደርደሪያ ማውራት ትተን ስለ ፌዴራሊዝም ልንጣላ ትንሽ ነው የቀረን።

እኔ በሙያዬ የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ። የተጠራሁትም "ሲስተሙን አንተ ትሠራልናለህ" ተብዬ ነው። ስለዚህ እንደ ባለሙያ ተነሥቼ ተናገርኩ። ሁሉም መጽሐፍ በአንድ ሕንፃ፣ ሁሉም መረጃ በአንድ ሰርቨር፣ ሁሉም ሠራተኛ በአንድ አስተዳደር ሥር ይሁን፤ የየኮሌጁ ትንንሽ ቤተ መጻሕፍት ይዘጉ አልኩ። ብክነት ይቀንሳል፣ ቁጥጥር ይቀላል ብዬ አስረዳሁ። አንዳንዶቹ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁልኝ።

እዚህ ላይ አገር ቤት ረጅም ዘመን በላይብረሪያንነት ያገለገሉ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። "ጥሩ ነው ልጄ" አሉና ሦስት ጥያቄ ጠየቁኝ። "መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋስ? የሕክምና ተማሪው ሌሊት ተረኛ ሆኖ መጽሐፍ ሲፈልግ የት ይሂድ? መጽሐፉ ሌላ ግቢ ሄዶ ቢጠፋስ ከማን ደመወዝ ሊቆረጥ ነው?"

ለአንዱም መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ ቆይቼ ተሳስቼ እንደነበር ተረዳሁ። ይህ ጽሑፍ ለእሳቸው የዘገየ መልስ ነው፤ አገር ቤት ስለ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ለሚወስኑ ሰዎችም ይደርሳል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

አንድ መታወቂያ፣ ሁለት አገር

መጀመሪያ ለምን "ሁሉም አንድ ቦታ ይሁን" እንዳልኩ ልናገር። ያለ ምክንያት አልነበረም።

የመጀመሪያ ዲግሪዬን አገር ቤት ስሠራ የመመረቂያ ፕሮጀክቴ የአማርኛ ፊደል አራሚ ሶፍትዌር ነበር። ለዚህ ደግሞ ግሱ እንዴት እንደሚረባ ማወቅ ያስፈልጋል። መምህሬ የባዬ ይማምን "የአማርኛ ሰዋስው" እንዳነብ መከሩኝ። በእኛ የምህንድስና ግቢ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፉ የለም። መኖር አለመኖሩን ያወቅኩትም መደርደሪያ ለመደርደሪያ ዞሬ ነው። የቋንቋ ተማሪዎች ባሉበት ሌላኛው ግቢ ሊኖር ይችላል ተባልኩ። ሁለት ታክሲ ይዤ ሄድኩ። በሩ ላይ ያለው ሠራተኛ መታወቂያዬን አገላብጦ አየና "የእኛ ተማሪ አይደለህም" አለኝ። ያው ዩኒቨርሲቲ፣ ያው አርማ፣ ያው ማኅተም! "ማንበብ ብቻ ነው የምፈልገው" ብዬ ለመንኩት። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ የተሰጠውን ደንብ ነው ያስከበረው። በመጨረሻ አንድ የቋንቋ ተማሪ ተለማምጬ በእሱ ስም አስወጣሁት፤ ሌሊቱን ፎቶ ኮፒ ቤት አሳድሬ መለስኩለት።

በገዛ ዩኒቨርሲቲዬ እንግዳ የሆንኩበት ያ ቀን ነው "ሁሉም አንድ ቦታ ይሁን" ያሰኘኝ።

አሁንስ ተሻሽሏል ወይ? ታናሽ እህቴ ዛሬ ሌላ ከተማ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። መጽሐፍ ስትፈልግ ካታሎግ አትከፍትም፤ ቴሌግራም ነው የምትከፍተው። አንድ ቻናል ላይ ያልታወቀ ሰው የጫነውን፣ ገጹ የጎደለ፣ ስንተኛ ዕትም እንደሆነ የማይታወቅ ፒዲኤፍ አውርዳ ታነባለች። "ግቢያችሁ ውስጥ መጽሐፉ የለም?" ስላት "ወንድም ጋሼ፣ ሊኖር ይችላል እኮ፣ ግን ማን ያውቃል?" አለችኝ። "ማን ያውቃል?" የሚለው ቃል ውስጤ ቀረ። መጽሐፍ አለመኖሩ አንድ ችግር ነው። መጽሐፍ እያለ መኖሩ አለመታወቁ ግን በገንዘባችን የገዛነው ችግር ነው።

የተበታተነው በዕቅድ አይደለም

ብዙ ጊዜ የምንከራከረው ቤተ መጻሕፍቶቻችን የተራራቁት አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ስለወሰነ እየመሰለን ነው። ታሪኩ ግን ሌላ ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1950 ተከፈተ። የምህንድስናው፣ የሕንፃው፣ የዓለማያ እርሻና የጎንደር ጤና ኮሌጆች እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ተቋቋሙ፤ እያንዳንዳቸውም የየራሳቸውን መጻሕፍት ሰበሰቡ። እ.ኤ.አ. በ1961 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት እነዚህ ሁሉ አንድ ጣሪያ ሳይኖራቸው በአንድ ስም ተጠቃለሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ሰጡ፤ በኋላም በአሜሪካ ዕርዳታ የኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ስድስት ኪሎ ላይ ተሠራ። አምስት ኪሎ፣ አራት ኪሎ፣ ልደታ ግን በየቦታቸው ቀጠሉ። ልጆቹ ቀድመው ተወለዱ፣ አባት በኋላ መጣ እንደማለት ነው።

ባሕር ዳርም እንዲሁ ነው። ፖሊ ቴክኒኩ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ዕርዳታ ተከፈተ፣ የፔዳጎጂ አካዳሚው በ1972 ተከተለ፣ ሁለቱ ተጣምረው ዩኒቨርሲቲ የሆኑት በ2000 ነው። ተማሪው ግን ዛሬም "ፖሊ ነኝ"፣ "ፔዳ ነኝ" ነው የሚለው። ጎንደርም ማራኪ፣ ቴዎድሮስ፣ ፋሲል እያለ ይቀጥላል።

ይህ የእኛ ብቻ ጉዳይም አይደለም። በጀርመን ነባር ዩኒቨርሲቲዎች ከዋናው ቤተ መጻሕፍት ጎን እያንዳንዱ የትምህርት ተቋም የራሱን ስብስብ ይዞ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው የኮንስታንስ ዩኒቨርሲቲ ይህን አይቶ ገና ከጅምሩ ሁሉንም በአንድ አስተዳደር ሥር አደረገ። ሃርቫርድ ደግሞ በአስርዎች የሚቆጠሩ ቤተ መጻሕፍቱን እንደተለያዩ ማቀናጀትን መርጦ ለረጅም ዘመን ሄደበት፤ ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ግን ወደ አንድ አስተዳደር መሰብሰብ ጀመረ። ጥያቄው ያረጀ ነው፤ ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስም አልተገኘለትም።

መራራቅም ጥቅም አለው

ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ተመልከቱ። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1963 ሲመሠረት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ፤ ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን ያደራጁት ደግሞ ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ናቸው። የኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ታዲያ ለምን ሁለት ሆነ? የኢትዮጵያን ጉዳይ ለይቶ የሚሰበስብ፣ ያረጀ ጋዜጣም ሆነ ተራ የሚመስል ብጣሽ ወረቀት ዋጋ እንዳለው የሚያውቅ ሰው ስለሚያስፈልግ ነው። ያ ስብስብ በአንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ከሒሳብና ከኬሚስትሪ መማሪያ ጋር ተደባልቆ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ከመላው ዓለም ተመራማሪ አይመጣለትም ነበር። ልዩ ስብስብ የሚያድገው ልዩ ፍቅር ያለው ሰው ሲይዘው ነው፤ ያንን ፍቅር በማዕከል መመደብ አይቻልም።

የጥቁር አንበሳ ተማሪ ሌሊት ተረኛ ሆኖ የመድኃኒት መጠን ለማረጋገጥ ስድስት ኪሎ አይሄድም። የቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ተማሪማ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው ያለው። ለእነዚህ ተማሪዎች "አንድ ትልቅ ዘመናዊ ቤተ መጻሕፍት" ማለት የሌላ ሰው ቤተ መጻሕፍት ማለት ነው።

ከዚህም የከፋ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ተዘግቶ ነበር። ቀጥሎ በመጣው ጦርነት አክሱም፣ አዲግራት፣ ወልድያና ወሎ ዩኒቨርሲቲዎች ዘረፋና ውድመት ደርሶባቸዋል። ሁሉንም ነገር አንድ ቦታ ማስቀመጥ ሁሉንም ነገር በአንድ ቀን ለማጣት መዘጋጀት ነው። ይህን ከእኔ በላይ ማወቅ ያለበት ሰው አልነበረም፤ ሥራ ቦታ ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ ሁሌም ያ አንድ የተበላሸ ሰርቨር ነው። ቅዳሜ ዕለት ግን ረሳሁት።

ነገሩን ግን ከሌላ አቅጣጫም እንየው። ከተዘረፉት ግቢዎች በአንዱ የመጻሕፍቱ ዝርዝር የነበረው እዚያው በተዘረፈው ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ቢሆንስ? መጽሐፉም የለም፣ ምን እንደጠፋ የሚናገር ወረቀትም የለም። መበታተን መጽሐፉን ሊያድን ይችላል፤ ዝርዝሩን ግን ብቻውን ይገድለዋል። ሁለቱን ነገሮች መለየት እንዳለብኝ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። መጽሐፍ አንድ ነገር ነው፣ የመጽሐፉ መዝገብ ሌላ ነገር ነው።

ከቤቴ አጠገብ ያለው ምሳሌ

የተሰበሰብንበት የሴንት ሉዊስ ፓርክ ቤተ መጻሕፍት የሄኔፒን ካውንቲ ቤተ መጻሕፍት ቅርንጫፍ ነው። የሚኒያፖሊስ ከተማ የራሷ የተለየ ቤተ መጻሕፍት ነበራት፤ በጀት አጥሯት በ2006 መጨረሻ ሦስት ቅርንጫፎችን እስከ መዝጋት ደረሰች። እ.ኤ.አ. በ2008 መጀመሪያ ሁለቱ ተዋሐዱ። ልብ በሉ፣ ሲዋሐዱ ሕንፃዎቹን አንድ ቦታ አልሰበሰቡም። አንድ የሆነው ካርዱ፣ ካታሎጉና መጽሐፍ የሚያመላልሰው መኪና ነው። በአንዱ ሰፈር ያለ መጽሐፍ በስልኬ ጠይቄ እዚሁ ሰፈሬ እወስደዋለሁ።

የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲም እንደዚያው ነው። ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ ለማዶ የተለያዩ ቤተ መጻሕፍት አሉት፤ የሳይንሱ ዋልተር፣ የማኅበራዊ ሳይንሱ ዊልሰን፣ ሴንት ፖል ያለው ማግራዝ። የሕጉ ቤተ መጻሕፍት የሚተዳደረው በሕግ ትምህርት ቤቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የተከፈተው የአንደርሰን ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ከወንዙ ገደል ሥር የተፈለፈሉ ሁለት ግዙፍ ዋሻዎች አሉት። አንዱ ዋሻ በመላው ሚኒሶታ ያሉ ቤተ መጻሕፍት እምብዛም የማይጠየቁ መጻሕፍታቸውን በጋራ የሚያስቀምጡበት ነው። በየቀኑ የሚፈለገው ተማሪው አጠገብ፣ በአምስት ዓመት አንዴ የሚፈለገው በጋራ ጎተራ። ገበሬ አያቶቻችን የሚያውቁት ዘዴ ነው፤ የዕለቱ ዱቄት በማድጋ፣ የዓመቱ እህል በጎተራ።

አንድ የማይረሳኝ ነገር ልጨምር። በዩኒቨርሲቲው ሥር ሆኖ የክልሉን ቤተ መጻሕፍት የሚያዋውሰው ድርጅት ሚኒቴክስ ይባላል። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ያለ ነው። ስሙ ውስጥ ያለው "ቴ" የመጣው ከቴሌታይፕ ነው። ኢንተርኔት ሳይኖር፣ የግል ኮምፒውተር ሳይኖር፣ በቴሌታይፕ እየተጻጻፉ መጽሐፍ ይዋዋሱ ነበር! እኛ "ቴክኖሎጂ የለንም" እያልን እናዝናለን። ዛሬ አንድ ላይብረሪያን ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ከዚያ ቴሌታይፕ ጋር የሚወዳደር አይደለም። የጎደለን ቴክኖሎጂ ሳይሆን ስምምነት ነው።

እዚህ ከመጣሁ በኋላ ያንን "የአማርኛ ሰዋስው" ፈለግኩት። በአማርኛ ፊደል ስጽፍ ምንም አልመጣም፤ በላቲን ፊደል እንዴት እንደሚጽፉት ገምቼ ስሞክር ተገኘ። ከሌላ ግዛት በፖስታ መጣልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ የታተመ መጽሐፍ ውቅያኖስ ማዶ በሳምንት ጊዜ ውስጥ እጄ ገባ። ደስ ብሎኛል ብል ግማሹን ነው የተናገርኩት። ሌላው ግማሽ እልህ ነበር።

ኮሌጅቪል

የምፈልገው መልስ ግን ከሩቅ አልነበረም። ከሴንት ሉዊስ ፓርክ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲነዳ ኮሌጅቪል ይደረሳል። በዚያ በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከዚህ ተቋምና ከሌሎች ጋር ተባብራ በየገዳማቱና በየአድባራቱ ያሉ ብራናዎች በማይክሮፊልም መነሳት ጀመሩ። በዓመታት ውስጥ ከ9 ሺሕ በላይ ብራናዎች ተቀረጹ።

ብራናዎቹ ግን ከቦታቸው አልተነሱም። ባለቤቶቻቸው ዘንድ፣ በየዕቃ ቤቱ ቀሩ። የፊልሙ አንድ ቅጂ አዲስ አበባ፣ አንድ ቅጂ ኮሌጅቪል ተቀመጠ። ዝርዝሩ ደግሞ አንድ ሆነ። ያንን ዝርዝር በመሥራት ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1975 በደርግ ወታደሮች ተተኩሶባቸው ከወገባቸው በታች ሽባ ሆኑ፤ በዓመቱ ወደ ሚኒሶታ መጥተው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው እያንዳንዱን ብራና እያነበቡ የማን እንደሆነ፣ ውስጡ ምን እንዳለ፣ በማን ዘመን እንደተጻፈ መዘገቡ። እስከ 2021 ዕረፍታቸው ድረስ ከሥራቸው አልተለዩም። ዛሬ አንድ ተመራማሪ ሮም ሆነ ጎንደር ተቀምጦ የትኛው ገድል በየትኛው ደብር እንዳለ ማወቅ ከቻለ በዚህ ሥራ ነው።

ያ ሥራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲጠቃለል የዚህ ጽሑፍ ርእስ ይሆናል። መጽሐፉ በየቤቱ፣ መዝገቡ አንድ። ለብራና ያልከበደን ነገር ለታተመ መጽሐፍ ለምን ይከብደናል?

አንድ መሆን ያለበት ምንድን ነው?

እንግዲህ "የተማከለ ወይስ ያልተማከለ" ብለን አንጣላ። ምኑ ነው የሚማከለው ብለን እንጠይቅ። እኔ አንድ ይሁኑ የምላቸው አራት ነገሮች ናቸው።

አንደኛ፣ መዝገቡ። በየትኛውም ግቢ ያለ መጽሐፍ በየትኛውም ግቢ ሆኖ ሲፈለግ ይታይ። ሶፍትዌሩ ከባድ አይደለም። ከኒውዚላንድ የወጣው ኮሃ የተባለው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፤ ስሙም በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው። ስለዚህ እኔ አዲስ ሲስተም ልጻፍ ማለቴን ትቻለሁ። መሐንዲስ ነኝና ይህን ስል ትንሽ እንዳመመኝ አልደብቅም።

ሁለተኛ፣ የአመዘጋገብ ደንቡ። ይህ ተራ ይመስላል፣ ግን ዋናው እሱ ነው። "ፍቅር እስከ መቃብር"ን እንውሰድ። ደራሲውን አንዱ ቤት ሐዲስ ብሎ በሐመሩ ሐ፣ ሌላው ሀዲስ ብሎ በሃሌታው ሀ ሊጽፈው ይችላል። አለማየሁ በአልፋው አ ነው ወይስ በዓይኑ ዓ? አንዱ በራሳቸው ስም፣ ሌላው የፈረንጅ ፎርም ይዞ በአባታቸው ስም ሊመዘግባቸው ይችላል። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልተጻፈ ፈረንጅ አገር ካለው ቅጂ ጋር ሲገጥም ሰባትና ስምንት ዓመት ይለያያል። ኮምፒውተር እንደ ሰው አይገምትም። ለእሱ እነዚህ ሁሉ የተለያዩ መጻሕፍት ናቸው። በ1960ዎቹ ሄንሪየት አቭራም የተባለች የኮምፒውተር ባለሙያ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ማርክ የተባለውን የጋራ የአመዘጋገብ ቅርጽ ስታወጣ ለውጡን ያመጣው ማሽኑ አልነበረም፤ ሁሉም በአንድ ቅርጽ ለመጻፍ መስማማቱ ነው። የፊደላችንን፣ የስማችንንና የዘመን አቆጣጠራችንን ጉዳይ ግን ሌላ ማንም አይፈታልንም። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ለብቻው ከፈታው ደግሞ አርባ ዓይነት መፍትሔ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ መታወቂያው። የአንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በዩኒቨርሲቲው በየትኛውም ግቢ ገብቶ ያንብብ፣ ይዋስ። ይህ አንድ ብር አያስወጣም። አንድ ደብዳቤ ነው የሚበቃው።

አራተኛ፣ የኤሌክትሮኒክ ጆርናል ውል። ከትልልቅ አሳታሚዎች ጋር እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ለብቻው ሲደራደር ሁሉም ይጎዳል። ጅምሩ አለ፤ የአካዳሚክና የምርምር ቤተ መጻሕፍት ጥምረት አለ፣ ዩኒቨርሲቲዎችን የሚያገናኘው የትምህርትና የምርምር ኔትወርክ አለ፣ ብሔራዊ የአካዳሚክ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍትም ተቋቁሟል። የሚያስፈልገው ሌላ አዲስ ተቋም አይደለም፤ ያሉት ማጠናከሪያ ነው።

የቀረው ሁሉ በየቤቱ ይቅር። የትኛው መጽሐፍ ይገዛ የሚለውን መምህሩና የዘርፉ ላይብረሪያን ይወስኑ። የመክፈቻ ሰዓቱን ተማሪውን የሚያውቀው ግቢ ይወስን።

ሦስቱ ጥያቄዎች

አሁን ወደ እናታችን ጥያቄዎች ልመለስ።

መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋስ? መዝገቡ አንድ ይሁን ማለት አንድ ቦታ ብቻ ይቀመጥ ማለት አይደለም። እኛ ፕሮግራመሮች በየቀኑ የምንጠቀምበት ጊት የተባለ መሣሪያ አለ፤ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው ነው። እያንዳንዳችን ሙሉ ቅጂው በየኮምፒውተራችን አለ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ በያለንበት እንሠራለን፣ ሲመለስ እናስታርቃለን። ካታሎጉም እንዲሁ ይሁን። እያንዳንዱ ግቢ የሁሉንም ግቢ ዝርዝር በአንድ ተራ ኮምፒውተር ይያዝ፤ ኔትወርክ ሲመጣ ይታደስ። አንዱ ቢዘረፍ ሌሎቹ ምን እንደተዘረፈ ይናገራሉ።

ሌሊት ተረኛ የሆነው ተማሪስ? መጽሐፉ እዚያው አጠገቡ ይቀመጥ። እናታችን ልክ ነበሩ፣ እኔ ነበርኩ የተሳሳትኩት።

ከማን ደመወዝ ይቆረጥ? ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም የሶፍትዌር ጥያቄ አይደለም። አገር ቤት መጽሐፍ የመንግሥት ንብረት ነው። በሞዴል 19 ገብቶ በሞዴል 22 ይወጣል፤ የፈረመው ሰው ተጠያቂ ነው። ያ የበር ላይ ሠራተኛ "የእኛ ተማሪ አይደለህም" ያለኝ ለዚህ መሆኑን አሁን ነው የገባኝ። መጽሐፉ ከእኔ ጋር ቢጠፋ ከልጆቹ ጉሮሮ ሊነጠቅ ነው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ አስተዋይ ላይብረሪያን ማለት መጽሐፍ የማያውስ ላይብረሪያን ነው። የቱንም ያህል ዘመናዊ ሲስተም ብንዘረጋ ይህ ካልተቀየረ ካታሎጉ የሚያሳየን ልናገኛቸው የማንችላቸውን መጻሕፍት ዝርዝር ብቻ ይሆናል።

መድኃኒቱ አለ። ወንበር ያረጃል ተብሎ እንደሚታሰበው ሁሉ መጽሐፍም በአገልግሎት ብዛት ይጠፋል፣ ይቀደዳል ተብሎ በደንብ ይጻፍ። የሚጠፋው ታስቦ በጀት ይያዝለት። መጽሐፍ ከግቢ ግቢ ሲሄድ ተጠያቂነቱ ከግለሰቡ ወደ ተቀባዩ ቤተ መጻሕፍት ይሻገር። በሥርዓቱ አውሶ የጠፋበት ሠራተኛ አይቀጣ። ሆን ብሎ የሰረቀ ሌላ ጉዳይ ነው። ይህን ማድረግ የሚችሉት የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንቶችና የንብረት አስተዳደር ደንብ የሚያወጡ ናቸው፤ እኔም ጓደኞቼም በኮድ ልንሠራው አንችልም።

ሁለተኛው ስብሰባ ላይ ይህንኑ ተናገርኩ። ገንዘቡን ለሕንፃም ለሰርቨርም አንስጥ፤ የመጀመሪያው ዙር በየኮሌጁ ያሉትን መጻሕፍት ለመመዝገብ ተቀምጠው ለሚውሉ ሰዎች ይከፈል አልኩ። አንድ ወንድማችን "ታዲያ ምኑን ፎቶ እናነሳለን?" አለ። ሳቅን፤ ቁም ነገር ግን ነበረው። ሪባን የሚቆረጥለት ሕንፃ ነው። ዝርዝር ሪባን የለውም፣ የመሠረት ድንጋይም አይጣልለትም። ብዙ ሕንፃ ኖሮን ዝርዝር ያጣነው በዚህ ይመስለኛል።

ክርክሩ ገና አላለቀም፤ በሚቀጥለው ወር እንገናኛለን። እናታችን ግን የመዝገብ ደንቡን አብረን እንድንጽፍ ተስማምተዋል። "መጀመሪያ የሐውን ነገር እንጨርስ" ብለውኛል። በየሳምንቱ ረቡዕ ማታ ቤታቸው ቡና ተፈልቶ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። እህቴም በሚቀጥለው ዓመት ከመመረቋ በፊት ግቢዋ ውስጥ የምትፈልገው መጽሐፍ መኖር አለመኖሩን ሳትዞር የምታውቅበት ቀን ቢመጣ፣ እኔ ከሠራሁት ሶፍትዌር ሁሉ የሚበልጥብኝ እሱ ነው።